የአባቴ ቀኝ እግር

አባቴን ሰው ፊት ያዋረድኩት ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ፣ ድንጋይ በእጄ ይዤ ነው። ድንጋዩ ለሰው አልነበረም፤ ለጎማ ነው። ታኮ ይባላል። መኪና ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ከጎማዋ ሥር ይጣላል። ያኔ ሥራዬ እሱ ነበር። የአባቴ ረዳት ነበርኩ።

ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁና እንቀጥል። ሰሚራ እባላለሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ቤቴል አንድ ካፌ ካሸር ሆኜ ገባሁ፤ ባለቤቱ አስተናጋጇን ያለ ጥፋቷ ሲሰድብ የሚገባውን መለስኩለትና በሦስተኛው ወር ወጣሁ። ከዚያ ልብስ መሸጫ ገባሁ፣ እሱም ሁለት ወር። እማዬ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ በቅሏል» ትላለች። ልክ ናት። አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተኛል፣ አፌንም መዝጋት ያቅተኛል።

አባዬን ሰፈሩ ጋሽ ከድር ይለዋል። ስልሳውን አልፏል። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት የጭነት መኪና አለችው፤ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ብሎኬት ጭኖ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ያደርሳል። እሱ «ልጅት» ይላታል፣ ሰፈሩ «አሮጊቷ»። ረዳቱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድና እኔም ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ስጣላ ሲያየኝ «ነይ እስቲ፣ ጋቢና ገብተሽ ተጨቃጨቂ» አለኝ። ገባሁ።

ከዚያ ማክሰኞ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ሁለት ነገር ባንድ ሰሞን መጣብን። ስኳር እንዳለበት ከድሮም እናውቃለን፤ በዚያ ሰሞን ግን እግሩ ላይ ወረደ። ጠዋት ጠዋት፣ ብርድ ሲሆን በተለይ፣ ቀኝ እግሩ ጥጥ የረገጠ ይመስለዋል። ለእማዬ ብቻ ነው የነገራት። የኛ ቤት ግድግዳ ግን ምስጢር አይይዝም።

ሁለተኛዋ መኪናዋ ናት። ጠዋት ቁልፍ ሲያዞርባት ወዲያው ትነሳለች። ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሲሰጣት ግን ትታነቃለች። ትዘላለች፣ ታቋርጣለች፣ ትንጠናለች፣ ነጭ ጭስ ትተፋለች። ጉልበት የላትም። አሥር ደቂቃ ከሄደች በኋላ ምንም እንዳልነበረ ሰው ቀጥ ብላ ትነዳለች። አስራ ስምንት ማዞሪያ ተክሌ ጋራዥ ስንደርስ ሞቃለች፤ ተክሌ ይነዳታል፣ ምንም የለም። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ ሕመሙ እንደሚጠፋ በሽተኛ።

እና ለሦስት ወር ጠዋት ጠዋት ስንናጥ ከረምን። ድካሙ የሚገባው የተናጠ ብቻ ነው። ገና ሥራ ሳትጀምሩ አንገታችሁ ይደክማል።

አባዬ ደግሞ አንድ ሕግ አለው። መኪና ፊቷን ወደ ሥራ አዙራ ነው የምታድረው። «ጀርባዋን ለሥራ ሰጥታ ያደረች መኪና ቀኑን ሙሉ ስታኮርፍ ትውላለች» ይላል። ድሮ መስጊዱ አጥር ሥር፣ ሜዳው ላይ ነበር የምታድረው። ቦታው ለቱቦ ሲቆፈር የኛ ቅያስ ዳገት ላይ አመጣት። አስፋልቱ ከላይ ነው፤ ስለዚህ ፊቷን ወደ ዳገቱ አቅንታ ታድራለች።

ማክሰኞ ዕለት ብሎኬት ጭነን ነበር ያደርነው። አስነሳት። ጥቂት ወጣች፣ ሳለች፣ ተናጠች፣ ጠፋች። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

«ታኮ!» አለ አባዬ።

ዘልዬ ወርጄ ጣልኩ። ጭቃ ስለነበር ድንጋዩ ሸርተት አለ። ሁለተኛውን ጣልኩ። እሱ ያዘ፤ ግን የመኪናዋ ቂጥ የእትዬ አስካለን ኪዮስክ ቆርቆሮ ነክቶ ነው የቆመችው። እትዬ አስካለ ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ሰው አልተነካም። ቆርቆሮው ብቻ ወደ ውስጥ ጎብጧል።

«ኧረ ጋሽ ከድር! ልትጨርሱን ነው?» አሉ። ሰው ወጣ። ለሥራ የሚሄድ ሁሉ ቆመ።

ሦስተኛውን ድንጋይ እንደያዝኩ ነኝ። አባዬ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ይቺ ልጅት ዛሬ ደግሞ…» ሲል አላስጨረስኩትም።

«መኪናዋ አይደለችም አባዬ! እግርህ ነው! እግርህ አይሰማም፣ ነዳጁን አስተካክለህ አትረግጥም። ተክሌ ሲነዳት ለምን አትናጥም? ሰው እስክትገድል ነው የምትጠብቀው?»

አባዬ እኔን አላየኝም። አቀርቅሮ እግሩን ነው ያየው። የእጅ ፍሬኑን እንደገና ሳብ አደረገና ቀስ ብሎ «ታኮውን አንሺ» አለኝ።

እንደገና አስነሳት፤ ስትሞቅ ዳገቱን ወጣን።

ብሎኬቱን አራግፈን ማታውኑ ተክሌ ጋ ሄድን። ተክሌ አርባ ዓመት ገደማ ነው፤ ምላሱ ከመፍቻው ይፈጥናል። መኪናዋን ይዟት አንድ ዙር ወጥቶ ተመለሰ።

«ጋሽ ከድር፣ አሮጊቷ ከእኔ ከጎረምሳው የተሻለ ትሮጣለች።»

«ሲሞቅማ አውቃለሁ» አለ አባዬ። «ብርድ ላይ ነው የምታስቸግረው።»

«እንግዲያው እዚሁ ትደር። ጠዋት በብርዱ እኔው ራሴ አስነሳታለሁ። የዚያን ጊዜ እንተያያለን።»

አደረች። ረቡዕ ጠዋት፣ ሣር ላይ ጤዛው ሳይነሳ፣ እኔና አባዬ ጋራዡ በር ላይ ቆመናል። ተክሌ አስነሳ። ነዳጅ ሰጠ። ምንም። ማርሽ አስገብቶ ወጣ፣ ዞሮ መጣ። ምንም። እንደ ሙሽራ መኪና።

አባዬ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አልሐምዱሊላህ፣ ታዲያ ዳነች ማለት ነዋ» አለ። ድምፁ ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች በሽተኛው ማን እንደሆነ እሱም ያውቃል።

ተክሌ እኔን ወደ ጎን ጠራኝ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ «ሰሚሪ፣ እሳቸው ስኳር አለባቸው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«አጎቴም እንዲሁ ነበር። ፔዳሉን የረገጠ ይመስለዋል፣ አይረግጠውም። ያልረገጠ ይመስለዋል፣ ድንገት አጥብቆ ይረግጠዋል። ለነስሩ ንገሪው።»

ነስሩ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ መርካቶ ጨርቅ ይሸጣል። መንገር አላስፈለገኝም፤ ማክሰኞውኑ ደውዬ ነግሬው ነበር። ረቡዕ ማታ መጣ። እራት ላይ፣ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ፣ «አባዬ፣ መኪናዋን የሚፈልግ ሰው አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ያያታል። አንተም ትንሽ እረፍ» አለ።

ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር። አባዬ «ስንት ሰዓት?» ብቻ አለ።

«አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ።»

ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠው። መኪናዋን ራሱ ነው ከጋራዥ ያመጣት፤ እንደ ልማዱ ፊቷን ወደ ዳገቱ አድርጎ አቁሟታል። የሥራ ጫማውንም መኪናዋ በር ሥር ያለው መርገጫ ላይ ትቶ በሸበጥ ገብቷል። እግሩ ማታ ማታ ስለሚያብጥ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚተወው።

ስተኛ በመጋረጃው ክፍተት አየሁት። ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን መከዳ ላይ አድርጓል። ጫን ያደርጋል፣ ለቀቅ። ጫን፣ ለቀቅ። ጎንበስ ብሎ ያያል። እንደገና ጫን። ልምምድ ነው። ነዳጅ መርገጥ እየተለማመደ ነው። አርባ ዓመት የነዳ ሰው።

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ማልቀስ አልወድም፣ አላለቀስኩም። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሐሙስ አዛን ሲል አባዬ ለሱብሂ ሶላት ወጣ። ተነሳሁና ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ ወሰድኩ። ለምን እንደወሰድኩ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለእሱ አዝኜ አልነበረም። ልክ መሆኔን ለማረጋገጥ ነው። ማክሰኞ የተናገርኩት እውነት ከሆነ ቢያንስ እተኛለሁ ብዬ ነው።

ከአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ አደረግኩ። ገባሁ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ግን ማስነሳት ማንም ይችላል። ማርሽ አላስገባሁም። አስነሳሁ፣ ቆየሁ፣ ነዳጁን ቀስ አድርጌ ረገጥኩ።

ሳለች። ተናጠች። ጋቢናው ከእኔ ጋር ተንቀጠቀጠ። በመስታወት ከኋላ ነጭ ጭስ አየሁ።

እግሬን አየሁት። የሃያ አንድ ዓመት እግር ነው። ስኳር የለበትም። ጉንዳን ቢወጣበት ያውቃል።

እንደገና ረገጥኩ። እንደገና ተናጠች።

አጠፋኋትና ለተክሌ ደወልኩ።

«ማነው በዚህ ሰዓት? ሰው ሞተ?»

«ተክሌ፣ ተናጠች። በእኔ እግር!»

«አንቺ መቼ መንዳት ቻልሽና ነው? አንቺ ብስክሌትም ትንጪያለሽ።»

«ማርሽ አላስገባሁም! ቆማ ነው የተናጠችው!»

ሲነሳ አልጋው ሲንቋቋ ይሰማኛል።

«አጥፊያት። አሁን ሞቃለች፣ ብመጣም አላገኛትም። ነገ ጠዋት እኔ ሳልደርስ ማንም እንዳይነካት። አንቺም፣ እሳቸውም፣ ጂኒም።»

አባዬ ከመስጊድ ሲመለስ በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት። ሸበጡን ሲያወልቅ እንዳቀረቀረ ሰማኝ። ከዚያ ቀና አለ።

«ሰሚራ፣ ማክሰኞ የተናገርሽው ይበቃኛል። ሐሙስ ደግሞ አታስታምሚኝ።»

«ወላሂ አባዬ፣ እውነቴን ነው።»

«እሺ» አለኝ። ያመነ ሰው «እሺ» አይደለም። ገብቶ ተኛ። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ቆመች። አባዬ በሥራ ቀን ሲተኛ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ዓርብ ንጋት ላይ ተክሌ መጣ። ጃኬቱን እስከ አፍንጫው ዘግቷል፣ የመሣሪያ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው። «ለአሮጊት ብዬ ሚስቴን አልጋ ላይ ጥዬ መጣሁ። ቢሰማ ማን ያምነኛል?» አለ። አባዬ ሶላት ሄዷል።

ተክሌ ገብቶ አስነሳ። ነዳጅ ሰጠ። ሳለች፤ ጋቢናው ተናጠ። ተክሌ እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ።

«ይቅር በሉኝ ጋሽ ከድር» አለ ለብቻው።

ከዚያ ፈጠነ። ቀዝቃዛ ሞተር በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ከሞቀ ሌላ ሃያ አራት ሰዓት። ነገ ደግሞ ገዢው ይመጣል። «የማስነሻ ማሞቂያዋ ቢሆን ኖሮ መነሳትም ይቸግራት ነበር፤ እሱ አይደለም» አለ። የናፍታ ማጣሪያውን አየ፤ ባለፈው ወር የተቀየረ ነው። ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፖምፓ ነካካ። ወዲያው ድምፅዋ እየተስተካከለ መጣ። ሞቀች። አጠፋት፤ ወርዶ ታኮው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«የማይገባኝ አንድ ነገር ነው። እኔ ጋ አድራ ለምን አልታመመችም? ብርዱ አንድ ነው። ናፍታው አንድ ነው። እኔ ጋ ስትሆን ምን ይሆን የምታፍረው?»

እኔ በተከፈተው በር ወደ ጋቢናው እያየሁ ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል፤ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ያሉ ግንበኞች ረስተውት የቀረ። ውሃ ልክ ነው። ግንበኞች ውሃ ይሞሉትና አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ጫፉን ይይዛል፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ቁመት ላይ ይቆማል፣ በዚያ ግድግዳቸውን ያስተካክላሉ። ስንቴ ብሎኬት እያወረድኩ አይቻቸዋለሁ። አንዱ ጫፉን ከፍ ሲያደርግ ውሃው ወደ ሌላኛው ይሮጣል፤ ያኛው ይጮህበታል።

«ተክሌ፣ ያንተ ጋራዥ ሜዳ ነው» አልኩት።

«እና?»

«ይቺ ዳገት ላይ ነው የምታድረው። ሞተሯ ወደ ላይ፣ ናፍታ መያዣዋ ወደ ታች። መናጥ የጀመረችውም ከመስጊዱ ሜዳ ወደዚህ ከመጣች ወዲህ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ቱቦውን አወረድኩት። ከጀሪካን ውሃ ሞላሁበትና አንዱን ጫፍ ከፍ አደረግኩ። ውሃው በታችኛው ጫፍ ሄዶ የተክሌ ጫማ ላይ ፈሰሰ።

«ናፍታዋ ሌሊቱን እንዲህ ወደ ኋላ እየወረደ ቢሆንስ?»

«ቆይ» አለ። ቱቦውን ተቀብሎኝ ሞላው። የላይኛውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ደፈነው። ታችኛው ክፍት ነው፤ ውሃው ግን አልፈሰሰም። «አየሽ? ከላይ አየር ካልገባ አይወርድም። ጤነኛ መስመር እንዲህ ነው።» አውራ ጣቱን አነሳ። ውሃው ሾ ብሎ ወረደ። ሁለታችንም መኪናዋን አየናት።

«የሆነ ቦታ» አለ ተክሌ ቀስ ብሎ፣ «አውራ ጣት ተነስቷል።»

የናፍታውን መስመር ከፖምፓው ጀምሮ በስልክ መብራት እያየን ወደ ኋላ መጣን። ከማጣሪያው ወደ ፖምፓው የምትሄድ አጭር የጎማ ቱቦ አለች፤ ጫፏ በፋሼታ፣ ማለት በቀለበት ማሰሪያ ብረት፣ ታስሯል። ተክሌ ፋሼታውን ገለል ሲያደርግ ከሥሩ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታየች። በጣቱ ጎማውን ጎበጥ አደረገው፤ ስንጥቋ አፏን ከፈተች።

«በብርድ ይደርቃል፣ ይከፈታል፣ ሌሊቱን አየር ይስባል። ሞተሩ ሲሞቅ ጎማው ይለሰልስና ይዘጋል። ወይ አሮጊት! ሦስት ወር ሙሉ ሰውዬውን ስታሳጪው ከረምሽ!»

የተሰነጠቀውን ጫፍ በምላጭ ቆረጠውና ጎማውን መልሶ ሰካው። «ፋሼታውን ያዢልኝ» አለኝ። እጄ በብርድ ደንዝዟል። የፋሼታው ዳዶ፣ ከአተር ትንሽ የምትበልጥ ባለ ስድስት ማዕዘን ብረት፣ ከጣቴ አመለጠች። ስትወድቅ ድምፅ አልሰማሁም። መሬቱን፣ ጎማውን፣ መርገጫውን በመብራት ፈለግኩ፤ የለችም።

«ተያት፣ መሬት ውጧታል» አለ ተክሌ። ከቦርሳው ሌላ ፋሼታ አውጥቶ አሰረ። አየሩን ከመስመሩ አስወጣ። አስነሳት፤ ደህና ናት። ግን ሞቅ ብላ ስለነበር ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። «ፍርዱ ነገ ጠዋት ነው» አለ።

አባዬ ሸበጡን እየጎተተ መጣ። ተክሌን ሲያይ ቆመ።

«ጋሽ ከድር፣ ዛሬ በብርዱ እኔ ነኝ ያስነሳኋት። በእኔ እግር ተናጠች። እግሬ ይቅርታ እየጠየቀዎት ነው።»

አባዬ የተቆረጠውን ጫፍ ተቀብሎ ስንጥቋን ረጅም ጊዜ አየ። «ማን አገኘው?»

«ልጅዎ። እኔ ብሎን ፈቺ ነኝ፤ እሷ ናት ያሰበችው።»

መርገጫው ላይ ተቀምጦ የሥራ ጫማውን አደረገና «የዓለም ባንኩ ሰው ቀሪ ብሎኬት እየጠበቀ ነው፤ ነይ ግቢ» አለኝ። ሄድን። ጫንን፣ አወረድን። ለጁምዓ መስጊዱ በር ላይ ወርዶ እኔ መኪናዋ ውስጥ ጠበቅኩት።

ሲመለስ ጫማው በእጁ፣ በፌስታል ነው። እግሩ ላይ የሰው ሸበጥ። ፊቱ ጨልሟል። «ምነው?» ስለው «ሞቀኝ» አለኝ። ከዚያ ወደ ቤት፣ እንደ ኤሊ ቀስ ብሎ። አሁንም አልታረቀኝም ብዬ ነው የተረዳሁት። መኪናዋን ፊቷን ወደ ዳገቱ አድርጎ አቆማት።

ቅዳሜ ጠዋት ነስሩ ከገዢው ጋር መጣ። ገዢው ወፍራም፣ ትሁት ሰውዬ ነው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ጎማዎቹን በእግሩ ይነካካል። ብርዱ አጥንት ይገባል። እትዬ አስካለ የጎበጠውን ቆርቆሮ ተደግፈው ቆመዋል። ማክሰኞ የነበረው ሰው ግማሹ አለ።

አባዬ ወጣ። ሁለት ካልሲ ደርቧል። በሩን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«ታኮ ይዘሽ ከኋላ ተከተይኝ። እንዳታመልጥሽ።»

«እሺ አባዬ።»

አስነሳ። አልቸኮለም። ድንጋዩን አንስቼ ከኋላ ጎማ አጠገብ ቆምኩ። ማርሹ ሲገባ ሰማሁ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሳሉን ጠበቅኩ። ትከሻዬ ከልማድ ተሸማቀቀ።

አልሳለችም።

ተንቀሳቀሰች። በኪዮስኩ በኩል አለፈች። ማክሰኞ የጠፋችበት ቦታ ደረሰች፤ አለፈችው። ድንጋዩን ታቅፌ ከኋላዋ እሮጣለሁ። ጭሱ ነጭ አይደለም። ወጣች፣ ወጣች፣ አስፋልቱ አፍ ላይ ደርሳ ቆመች። አባዬ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ።

እትዬ አስካለ «እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!» አሉ። ነስሩ ሮጦ ወጣና በመስኮቱ የአባዬን እጅ ያዘ። «አባዬ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ሲለው ይሰማኛል። ገዢው ከኋላ እያለከለከ ደርሶ «ይቺንማ እኔ ነኝ የምወስዳት» አለ።

«አትሸጥም» አለ አባዬ። «ስላደከምንህ አትቀየመን። ነስሩ፣ ሰውየውን ሻይ ጋብዘው።»

ሄዱ። «አንቺ ግቢ» አለኝ። በረዳት በር ገባሁ። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ሶፍት አውጥቶ መዳፌ ላይ አራገፈው።

ዳዶዋ ናት።

«ያንቺ ናት?»

«የት አገኘሃት?»

ጎንበስ ብሎ የቀኝ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲዎቹን አወለቀ። ውስጥ እግሩ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ በታች፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁስል አለ። ዙሪያው ቀልቷል።

«ዓርብ ጠዋት ጫማዬ ውስጥ ገብታ ነበር። ከእሷ ጋር ዓለም ባንክ ሄጄ፣ አውርጄ፣ ተመለስኩ። አልተሰማችኝም። ለሶላት ላወልቅ ስል ካልሲዬ ላይ ደም አየሁ።»

ድምፅ ሳታሰማ የወደቀችው ለምን እንደሆነ የዚያን ጊዜ ገባኝ።

«መኪናዋም ነበረች፣ እግሬም ነበር» አለኝ። «ሁለታችንም ታመን ነው አንቺ አንዳችንን ያየሽው።»

ተቆጣሁ። ሌላ አልችልበትም። «እያወቅክ ታዲያ ዛሬ ለምን ነዳህ? ዳገት ላይ! ሰው ቆሞ!»

«ታኮ ይዘሽ ከኋላ አልነበርሽ?»

ዳዶዋን መዳፌ ውስጥ ጨበጥኳት።

«ስሚኝ ልጄ። ማክሰኞ አንቺ አወረድሽኝ። ረቡዕ ነስሩ አወረደኝ። እግሬ ባልሠራው ጥፋት ነበር። ዛሬ ራሴ ልውረድ ብዬ ነው።»

በሩን ከፍቶ ወረደ። ባዶ እግሩን በሸበጥ አድርጎ፣ ኮፈኑን በእጁ እየተደገፈ፣ በፊት በኩል ዞሮ መጣና የእኔን በር ከፈተ።

«ጠጋ በይ» አለኝ። «መንጃ ፈቃድ እስክታወጪ ነስሩ ይንዳት። አንቺ ረዳትነቱ አይሆንልሽም፤ ዕቃ ከእጅሽ ይወድቃል።»

ያ ቁስል እስኪድን ወራት ፈጀ። ቤቴል ክሊኒክ ስንመላለስ ከረምን፤ ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ጣቱን እናጣው ነበር አለን። አሁን መንጃ ፈቃድ አለኝ። እኔ እነዳለሁ፣ አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ይጨቃጨቃል። ሥራ በማይኖርበት ቀን ተክሌ ጋራዥ ገብቼ እጄን አቆሽሻለሁ። መቀመጫዬ ላይ ያለው እሾህ አልተነቀለም፤ የሹፌር ወንበር አገኘ እንጂ። መኪናዋ አሁንም ፊቷን ወደ ሥራ አዙራ ታድራለች።

ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ደክሞኛል፣ ትልቅ ነገር አትጠብቁ። አንዳንዶቻችሁ «እግሩ ታሟል ማለትሽ ልክ ነበርሽ እኮ» ትሉኛላችሁ። ነበርኩ። ግን ሳላይ ነው ልክ የሆንኩት፤ ያውም ድንጋይ ይዤ፣ ሰው ፊት። እቤታችሁ የደከመ አባት ወይ እናት ካለ፣ ያጠፋው ሁሉ ከእድሜው ነው ከማለታችሁ በፊት የያዘውን ዕቃ እዩለት። ዕቃው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ እሱንም እዩት፤ እሱም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ስታወርዱት ግን በር ከፍታችሁ ጠብቁት እንጂ አትጎትቱት።

ዳዶዋ አሁን ከቁልፉ ጋር ታስራለች። አባዬ ለሱብሂ ሲነሳ እኔም እነሳለሁ። ከመስጊድ እስኪመለስ መርገጫው ላይ ያለውን ጫማውን አነሳና እጄን እስከ ጫፉ እሰዳለሁ፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። መጥቶ ሲያየኝ «ናፍታ እየፈለግሽ ነው?» ይለኛል። ጫማውን አራግፌ ወደ እግሩ አዙሬ አስቀምጥለታለሁ፤ እሱ ያደርጋል፣ እኔ አስነሳለሁ።